ቤት መምታት ልጅ አይጎዳም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሲዞር ነበር። ለእኔም ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ሁለቱ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው፣ አንዷ የተማሪዬ እናት ናት። እናትየዋ ከጽሑፉ ጋር «ቲቸር፣ ታዲያ ልጄን ቅዳሜ ልላካት ወይስ ይቅር?» የሚል ጥያቄ አያይዛለች። ይህን ምላሽ ያጻፈኝ የእሷ ጥያቄ ነው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው ልጆችን ስለ ስንኝ፣ ስለ ቤት መምታት፣ ስለ ቀለም ቆጠራ ማስተማር መቅረት አለበት ይላሉ። (ስንኝ አንድ የግጥም መስመር ነው፣ ቤት መምታት የስንኞቹ መጨረሻ በድምፅ መግጠሙ ነው፣ ቀለም ደግሞ አንድ ጭብጨባ የሚይዝ የቃል ድምፅ ነው።) አምስት ምክንያት ያቀርባሉ። ሕግ ስሜትን ይገድላል። ትንንሽ ልጆች አይገባቸውም፣ ዘጠነኛ ክፍል እስኪደርሱ ይቆይ። የዘመኑ ግጥም ቤት መምታት ትቷል። እንደ ጅማ ባለ ከተማ አማርኛ ለብዙ ልጅ ሁለተኛ ቋንቋ ስለሆነ በሸክም ላይ ሸክም ነው። ሰምና ወርቅ ደግሞ የቅኔ ቤት ሰዎች ጉዳይ እንጂ የልጅ ነገር አይደለም። ጸሐፊው ለልጆች አዝነው እንደጻፉ ያስታውቃል፤ ስለዚህ እኔም በአክብሮት ነው የምመልሰው። ግን አልስማማም። አንዱ ላይ ብቻ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ፣ ስደርስበት እናገራለሁ።

እኔ ጅማ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ የአማርኛ መምህርት ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ቤታችን በረንዳ ላይ ከሰፈር ልጆች ጋር ግጥም እንጫወታለን። አንዳንዱ በርጩማ ይዞ ይመጣል፣ አንዳንዱ ደረጃው ላይ ይቀመጣል። ክፍያ የለም፣ ፈተና የለም። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 12 ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ እዚያ በረንዳ ላይ ያየሁትን ነው።

«ሕግ ስሜትን ይገድላል» ከሚለው ልጀምር፤ ጽሑፉ በሙሉ የቆመው እሱ ላይ ነውና። ጸሐፊው እንደሚሉት ልጅ የሚሰማውን እንደመጣለት ይጻፍ፣ ስንኝ ቆጥሮ ቤት ፈልጎ ሲደክም ስሜቱ ይበርዳል። ሐሳቡ ሲሰሙት ያምራል። እኔም አስተማሪ የሆንኩ ሰሞን እንደዚያው ነበር የማስበው። «የተሰማችሁን ጻፉ» እል ነበር። ምን ይጽፋሉ መሰላችሁ? «እናቴን በጣም እወዳታለሁ። ሀገሬን በጣም እወዳታለሁ።» ሠላሳ ደብተር ሰብስቤ ሠላሳ ጊዜ «በጣም እወዳታለሁ» አነብ ነበር። ልጆቹ ስሜት ጠፍቷቸው አይደለም። የሚይዙበት ነገር አልሰጠኋቸውም።

አሁን ደግሞ ይህን እዩልኝ። ባለፈው ክረምት ኃይለኛ ዝናብ የጣለ ሰሞን አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ መጥታ እንዲህ አለችኝ፦ «ቲቸር፣ ትናንት በጣም ዘነበና አዌቱ ሞላ፣ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ አክስቴ ቤት ሄዶ ስለነበር መምጣት አቃተው፣ እናቴ በጣም ተጨነቀች።» አዌቱ ከተማችንን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፈው ወንዝ ነው፤ ጅማ ያደገ ልጅ ማዶና እዚህ ማለትን የሚማረው ከሱ ነው። «እስኪ ይህን በአምስት በአምስት ጭብጨባ ንገሪኝ» አልኳት። ማለትም እያንዳንዱ ሐረግ አምስት ቀለም እንዲኖረው፣ ሁለት ሐረግ አንድ ስንኝ እንዲሆን። የቆየ ምጣኔ (የቀለም ልክ) ነው፣ ሰንጎ መገን ይባላል። ስሙን ግን ያኔ አልነገርኳትም። እጇን ብቻ አዘጋጀች።

«አዌቱ ሞላ።» አምስት። አ፣ ዌ፣ ቱ፣ ሞ፣ ላ። ዓይኗ በራ። «ዝናቡ ጣለ።» አምስት። ቀጥላ «ታናሽ ወንድሜ ቀረ» አለችና እጇ አየር ላይ ቆመ። «ቲቸር፣ ጭብጨባ ተረፈኝ!» ሰባት ሆኖባት ነው። አላረምኳትም። ጆሮዋ ነው ያረማት። «ታናሽ» የሚለውን ራሷ አወጣችው። ከዚያ የመጨረሻውን ሐረግ ፍለጋ ገባች። «ጣለ» ካለች በኋላ በ«ለ» የሚያልቅ ቃል ያስፈልጋታል። «አደረ» አለች፣ አልገጠመም። ልጆቹ አብረዋት «ዘለለ፣ ከፈለ፣ በሰለ» እያሉ ይጠቁሟታል። አንዱ «ዋለ» አለ። እሷ ዝም ብላ ቆየችና እንዲህ ብላ ጨረሰችው፦

አዌቱ ሞላ ዝናቡ ጣለ
ወንድሜ ቀረ ከማዶ ዋለ

ልብ በሉ፤ «በጣም ተጨነቀች» የሚለው ወጥቷል። «መምጣት አቃተው» የሚለውም ወጥቷል። ግን ጭንቀቱ አለ። «ከማዶ ዋለ» ውስጥ ነው ያለው። ውኃው በመሃል ነው፣ ልጁ ከወዲያ ነው፣ ቀኑ ደግሞ እየመሸ ነው። ይህን ሐረግ ያስገኘላት «ለ»ን ፍለጋዋ ነው። ቤቱን ባትፈልግ ኖሮ «መምጣት አቃተው» ብላ ደብተሯን ዘግታ ትሄድ ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው ስሜትን ይገድላል ያሉት ነገር እኔ በረንዳ ላይ ስሜቱን ሲያወጣው ነው ያየሁት።

ደግሞስ «ግጥም» ማለት ምን ማለት ነው? ገጠመ ከሚለው ነው የመጣው። ክዳን ከድስቱ ይገጥማል፣ በር ከመቃኑ ይገጥማል። ስሙ ራሱ የሚናገረው ስለ መገጣጠም ነው። መግጠሙን ደብቀን ግጥም ልናስተምር አንችልም።

እዚህ ጋ ነው ግማሽ መንገድ አብሬያቸው የምሄደው። ጸሐፊው «ልጆች ትርጉም እየሸመደዱ ነው» ያሉት እውነት ነው። እኔም በዚያው አልፌያለሁ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ መምህር ጥቁር ሰሌዳው ላይ «የግጥም ባሕርያት» ብሎ ከላይ እስከ ታች ጻፈ። ገለበጥን። ለፈተና ሸመደድን። «ስንኝ ምንድን ነው?» ሲባል ፍቺውን ቃል በቃል ጽፌ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። ያኔ ግን አንድ ግጥም ሰጥታችሁኝ ሐረጉ የት ላይ እንደሚያርፍ ብትጠይቁኝ አላውቅም ነበር። በዚያ ዓመት አንድም ግጥም ጮክ ብለን አላነበብንም። ይህ ጥፋት ነው፣ መቆምም አለበት። ግን ጥፋቱ የአስተማመሩ ነው። ዋና በወረቀት ተማርን ብለን ዋናን አንከለክልም፤ ልጁን ውኃ ዳር ነው የምንወስደው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። «ትንንሽ ልጆች አይገባቸውም፣ ዘጠነኛ ክፍል ይድረሱ።»

እኔ የምጠይቀው ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አጨብጭብ ቢባል ያጨበጭባል ወይ ነው። ያፍራል። የስምንት ዓመት ልጅ ግን ሳትነግሩትም ያጨበጭባል። ደግሞ ባዶ ጆሮ ይዞ አይመጣም። እናቱ እሹሩሩ ብላዋለች። እንቆቅልሽ ሲባል ምን አውቅልሽ ብሎ መመለስ ያውቃል። ነሐሴ 13 ቡሄ ሲደርስ ዱላውን እየመታ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ሲቀበል ኖሯል። ያ የልጆች ዜማ በአራት በአራት ቀለም የተመጠነ ነው፤ «ቡሄ በሉ» ብላችሁ ቁጠሩት፣ ቡ፣ ሄ፣ በ፣ ሉ። ምጣኔው ራሱ በሥነ ግጥም መጻሕፍት «የቡሄ በሉ ቤት» ነው የሚባለው። ስሙን የሰጡት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። እና ልጁ በየዓመቱ በየደጁ እየዞረ የሚመታውን ነገር «ይህ እኮ ምጣኔ ይባላል» ብንለው የሚከብደው ምኑ ነው?

ቤት መምታትም እንደዚያው ነው። የፊደል ገበታ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። «ለ»ን አሳያቸዋለሁ። «ላ» ከ«ለ» ጋር አንድ ተርታ ላይ ነው፣ ግን ቤቱ ሌላ ነው። «ደ» ደግሞ ከ«ለ» ጋር በአንድ ቋሚ ላይ ነው፣ ሁለቱም ግዕዝ ናቸው፣ ግን ተርታው ሌላ ነው። «ጣለ» እና «ሄደ» ጥሩ አይገጥሙም፤ «ጣለ» እና «በላ» ጭራሽ አይገጥሙም፤ «ጣለ» እና «ዋለ» ግን በተርታም በቋሚም አንድ ፊደል ላይ ነው የሚያርፉት። ልጆቹ ሄደው በጣታቸው ይነኩታል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ፊደላችን ተነባቢና አናባቢውን አንድ ላይ አቅፎ ስለሚይዝ ቤት መምታትን በዓይን ማየት ይቻላል፤ ይህን ያህል የተመቸ ነገር ይዘን ለምን እናቆየዋለን? በሳድስ ሲያልቅ ትንሽ ይለያል። «ቤት» ከ«ሌት» ጋር ጥሩ ይገጥማል፣ ከ«እሳት» ጋር ግን ሁለቱም በ«ት» ቢያልቁም ይላላል፤ ከ«ት» በፊት ያለው ድምፅ ስለሚለያይ ነው። ይህንንም ልጆቹ በጆሮ ያገኙታል፣ እኔ ቀድሜ አልነግራቸውም።

ቀለም ቆጠራ ላይ አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፤ እሱን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ወላጆች እቤት ሲሞክሩ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ቀለም ማለት ወረቀት ላይ ያለው ፊደል ብዛት አይደለም። «ሠርግ» ሦስት ፊደል ነው፣ ጭብጨባው ግን አንድ ነው። «ልብስ»ም እንደዚያው። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ድምፅ ይዞ ይነሳል፣ አንዳንዴ ከጎረቤቱ ጋር ተለጥፎ ይቀራል። ስለዚህ በጣት ፊደል እየቆጠራችሁ «ስምንት ሆነብህ» አትበሉት። አፉ የሚለውን ስሙ። እና ይህን የለመደ ልጅ ንባብም ይቀለዋል፤ የትኛው ሳድስ እንደሚነሳና የትኛው እንደሚዋጥ ስለሚሰማ ቃሉን እየቆራረጠ አይንተባተብም። አንድ ልጄ «ል-ብ-ስ» እያለ ነበር የሚያነበው። በጭብጨባው ነው የተፈታው።

«የዘመኑ ግጥም ቤት መምታት ትቷል» የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። በአማርኛ ነጻ ግጥም የጻፉ ሰዎች አሉ፣ ሰሎሞን ደሬሳ የታወቀው በዚህ ነው። ግን ሰሎሞን የተወውን ነገር አያውቅም ነበር የሚል ሰው አለ? አውቆ ነው የተወው። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም የተለመደውን ባለስድስት ቀለም ሐረግ ትቶ ወደ ስምንት አስረዘመው፤ ይህ ምጣኔ «የጸጋዬ ቤት» እስከ መባል ደርሷል። ስድስትን ያልቆጠረ ሰው ስምንት ላይ አይደርስም። ልጆቹ ነገ ቤት መምታት አንፈልግም ካሉ ደስ ይለኛል። ዛሬ ግን ምን እንደሚተዉ ይወቁ። ደግሞም ዘመኑ የት ትቶት? የሬዲዮ ማስታወቂያው ይገጥማል። ሕርማታ ገበያ ነጋዴው ገጥሞ ነው የሚጠራው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የሚያነቡት ባጃጅ ጀርባ ላይ የተለጠፈ ጥቅስ እንኳ ግማሹ ቤት ይመታል።

አራተኛው ነጥብ ግን ዝም ብዬ የማልፈው አይደለም። «እንደ ጅማ ባለ ከተማ አማርኛ ለብዙ ልጅ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ የአማርኛን የግጥም ሕግ መጫን ሸክም ነው» ይላሉ ጸሐፊው። መነሻው ልክ ነው። ከበረንዳዬ ልጆች ከግማሽ በላይ እቤታቸው የሚያወሩት አፋን ኦሮሞ ነው። መደምደሚያው ነው ያላሳመነኝ።

አንድ የ11 ዓመት ልጅ አለ። ሲመጣ ሦስት ቅዳሜ ያህል አልተናገረም። አማርኛው ይሰማዋል፣ ለመናገር ግን ያፍራል፤ አንዴ ተሳስቶ ስለሳቁበት ነው። እኔም ዝም አልኩት። አራተኛው ቅዳሜ ላይ ማጨብጨብ ስንጀምር ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ሆኖ ተገኘ። እጁ ሐረጉ የሚያርፍበት ላይ ራሱ ይቆማል። «የት ለመድክ?» ስለው አያቱ በረመዳንና በመውሊድ መንዙማ እንደሚያወጡ፣ እሱም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከተቀባዮቹ ጋር እየተቀመጠ እንደሚያጨበጭብ ነገረኝ። አስቡት፤ ይህ ልጅ አማርኛ ክፍል ውስጥ ደካማ የሚባል ልጅ ነው። በምጣኔ ግን ከእኔም ይሻላል። ሐረግ፣ ማረፊያ፣ አዝማች፣ መቀበል፣ ሁሉንም ያውቀዋል። የቸገረው ቃሉ ብቻ ነው፣ ቃሉን ደግሞ ምቱ ይዞለት መጣ። አጭር ስንኝ ነው፣ ይደጋገማል፣ ከአፍ አይወጣም።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ያለኝን እስካሁን አልረሳሁትም። ስለ ቤት መምታት እያወራን እጁን አወጣና «ቲቸር፣ የአያቴ ማማክሳ ግን መጨረሻው ላይ አይደለም፣ ፊት ላይ ነው የሚገጥመው» አለ። ማማክሳ ምሳሌያዊ አነጋገር ነው። እውነቱን ነው። የአፋን ኦሮሞ ምሳሌያዊ አነጋገር ብዙ ጊዜ ሁለት ጎን ይኖረዋል፣ ሁለቱ ጎኖች በአሠራር ይመሳሰላሉ፣ በየቃሉ መነሻ ላይም ድምፁ ይደጋገማል። የአማርኛው ግጥም ጭራው ላይ ይነክሳል፣ ያኛው ራሱ ላይ። ይህን ያስተዋለው የአምስተኛ ክፍል ልጅ ነው። ማስተዋል የቻለው ደግሞ «ቤት መምታት» የሚለውን ስም ስለያዘ ነው፤ ስም ከሌለው ሁለቱን በምን ያወዳድራቸዋል? በዚያ ቀን ትምህርቱን ትተን እቤታችሁ ያለውን አምጡ አልኳቸው። እሹሩሩ ያለው፣ ኡሩሩ (የአፋን ኦሮሞው እሹሩሩ) ያለው፣ እንቆቅልሽ ያለው፣ ሂቦ (የአፋን ኦሮሞው እንቆቅልሽ) ያለው፣ ሁሉም አመጣ። ሸክም የሚለው ቃል እዚያ በረንዳ ላይ የት እንደሚገባ አላውቅም።

ይኸው ልጅ ቆይቶ የሠራውን ልጨምርላችሁ። ዘመዶቹ ማና ወረዳ ቡና አላቸው። የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ የቡና አበባ እንዴት እንደሚፈነዳ ጅማ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ጥቂት ቀን ነው የሚቆየው፣ ሽታው ግን መንገድ ላይ ያስቆማል። ልጁ በስድስት በስድስት፣ ማለትም በወል ቤት፣ ሞከረው። መጀመሪያ «ቡናው አበበና በጣም ነጭ ሆነ» አለ። አጨበጨበ። ሁለተኛው ሐረግ አምስት ሆነበት። «አንድ ጎደለኝ» አለ። ያቺን አንዲት ቀለም ሲፈልግ «በጣም ነጭ»ን ጣለና ይህን አመጣ፦

ቡናው አበበና ነጭ ልብሱን ለበሰ
ጎረቤቱ ሁሉ ሠርግ መስሎት ደረሰ

በረንዳው ሁሉ አጨበጨበለት። ያኔ ነው «ቡናውን ሰው አደረግከው እኮ፣ ይህ ሰውኛ ዘይቤ ይባላል» ያልኩት። ስሙ የመጣው ከሥራው በኋላ ነው። እኔ ሁልጊዜ የምሄድበት መንገድ ይኼ ነው፤ መጀመሪያ ይሠራዋል፣ ከዚያ ስሙን ይቀበላል። የራሱን ሥራ ስም ስለሆነ አይረሳውም።

ጸጋዬን ከላይ አንስቼው ነበር። በ1928 ዓ.ም. አምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደ፣ አፋን ኦሮሞና አማርኛ እየሰማ ያደገ፣ ግዕዝም የተማረ ሰው ነው። ሦስት ቋንቋ ጆሮው ውስጥ መግባቱ የአማርኛን ምጣኔ አላጠበበበትም፣ ስፋት ሰጠው። የጅማ ልጆችም ሁለትና ሦስት ቋንቋ ይዘው ነው የሚመጡት። ሊታዘንላቸው የሚገባ ነገር አይደለም።

አንድ የቋንቋ ነገርም ልጨምር፣ ለመምህራን ይጠቅማል። አማርኛ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው በግስ ነው። ስለዚህ ቤት ፍለጋ የገባ ልጅ ሳያውቀው ግስ እያረባ ነው። «መጣች፣ ሄደች፣ በላች» ይላል። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ልጅ ይህ የግስ ርባታ ልምምድ ነው፣ ያውም ሳይሰለቸው። ትንሽ ሲበረታ ደግሞ ይህ ቤት ርካሽ መሆኑ ይገባዋል፤ ሁሉም «ች» ላይ ስለሚያልቅ ማንም ያገኘዋል። ያኔ የቃሉን ቦታ ማቀያየር ይጀምራል፣ ስሙን ወደ መጨረሻ ያመጣዋል፣ ግሱን ወደ መሃል ያስገባዋል። ሰዋስውን በዚህ መንገድ የተማረ ልጅ ዓረፍተ ነገር ለማገላበጥ አይፈራም።

አምስተኛው፣ ሰምና ወርቅ። «የቅኔ ቤት ሰዎች ጉዳይ ነው» ብለዋል። የቅኔ ቤትን ካነሱ ግን የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ራሱ ከእኔ ጋር ነው። ጀማሪን ወደ ረጅሙ ቅኔ ወደ መወድስ አይወረውሩትም። መጀመሪያ ጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ቤት (በቅኔ ቤት አጠራር ሁለት መስመር) ብቻ። ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሦስት ቤት። እያለ እያለ ይወጣል። ከትንሹ ጀምረው በልክ በልኩ ነው የሚያስተምሩት፤ ብዙዎቹ ተማሪዎችም በልጅነታቸው ነው የሚገቡት።

እኔ እርግጥ ቅኔ አላስተምርም፣ አቅሙም የለኝም። ኅብረ ቃልን ብቻ ነው የማሳያቸው፤ አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲሸከም። ለዚህ ብዬ የጻፍኳት ቀላል ነገር አለች፦

ጀበናው ወደቀ ከእጁ ተሰበረ
እናቱ ተቆጣች ልጁ ግን ተማረ

(«ከእጁ» ሲነበብ «ከጁ» ነው፤ ስትቆጥሩ እንዳትሳሳቱ።) «ልጁ ምን ሆነ?» እላቸዋለሁ። ግማሾቹ «ይቅር ተባለ» ይላሉ። እናቱ ተቆጥታ ነበር፣ ግን ማረችው፣ ተማረ። ግማሾቹ «አይ፣ ትምህርት አገኘ፣ ሁለተኛ ጀበና አይጥልም» ይላሉ። ይከራከራሉ። እውነተኛ ክርክር ነው፣ እየተነሱ ነው የሚናገሩት። መሃል ላይ አንዷ «ሁለቱም ነው!» ትላለች፣ ሁልጊዜ አንድ እንደዚህ የምትል ትገኛለች። ያኔ ሰሙ መማሩ ነው፣ ማለትም ምሕረቱ፤ ወርቁም መማሩ ነው፣ ማለትም ትምህርቱ፤ ሁለቱም በአንድ ቃል ገብተዋል እላለሁ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ያህል በየቃሉ ውስጥ ሁለተኛ ቃል ሲፈልጉ ነው የሚከርሙት። አንዷ እናት «ቤት ውስጥ ምንም መናገር አልቻልንም፣ ‹ይህ ሰሙ ነው ወርቁ?› ትለናለች» ብላኛለች። እንቆቅልሽ የለመደ ልጅ ለዚህ ዝግጁ ነው። እንቆቅልሽም እኮ አንዱን እየጠሩ ሌላውን ማለት ነው።

አሁን ለጸሐፊው ቀጥታ አንድ ነገር ልበል። ለልጆች ነጻነት የሚቆረቆሩ መሆንዎን አይቻለሁ። ግን ነጻነት የሚሉት ነገር እቤቱ መጻሕፍት ላሉት፣ አባቱ ግጥም ለሚያነብለት ልጅ ነው የሚሠራው። እሱ ልጅ ቅርጹን ከቤቱ ይዞት ይመጣል፣ እኛ ባናስተምረውም ያገኘዋል። ያ በመንዙማ ያደገው ልጅ፣ ያቺ ከአዌቱ ማዶ ወንድሟን የምትጠብቀው ልጅ፣ እነሱ ግን ማንም «ይህ ያለህ ነገር ስም አለው» ካላላቸው የያዙትን ነገር ዋጋ ሳያውቁ ነው የሚያድጉት። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ከበደ ሚካኤል ምሳሌዎቹን በግጥም ስለጻፈልን ነው እናቶቻችንና አባቶቻችን እስከ ዛሬ በቃላቸው የሚወጧቸው፤ ቤቱና ምጣኔው ነው ያስታወሳቸው። ያንን መሣሪያ ለጥቂቶች ትቶ ለቀሪው ልጅ «ዝም ብለህ የተሰማህን ጻፍ» ማለት ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ለእናትየዋም ልመልስ። አዎ፣ ቅዳሜ ላኪያት። ደብተር አያስፈልጋትም፣ እጇን ይዛ ትምጣ።

የአዌቱዋን ልጅ ነገር ሳልጨርስ ቀረሁ። ያቺን ሁለት ስንኝ ከገጠመች በኋላ ልጆቹ «ወንድምሽ ተመለሰ ወይ?» እያሉ አስቸገሯት። ተመልሷል፣ በማግሥቱ። ግን በግጥም ንገሪን አሏት። አንድ ስንኝ ወዲያው መጣላት፦ «ውኃው ጎደለ ድልድዩ ታየ።» ቀጥሎ «ወንድሜ መጣ» ልትል ፈለገች፣ ግን በ«የ» አያልቅም። ሳምንቱን ሙሉ ፈለገች። ማክሰኞ ዕለት በዕረፍት ሰዓት መጥታ «ቲቸር፣ በ‹የ› የሚያልቅ ቃል የለም እኮ» አለችኝ። አለ አልኳት፣ አልነገርኳትም። ሐሙስ ጠዋት ሰልፍ ላይ ከመስመር ወጥታ እየሮጠች መጣች። እጄን ያዘችና እያጨበጨበች አለችው፦

ውኃው ጎደለ ድልድዩ ታየ
ወንድሜ ከሩቅ እናቴን ለየ